አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ድሬዳዋ ውስጥ የቀለም መርጫ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ኦርጂናል ነው?» ሻጩም የሚመልሰው አንድ መልስ ነው፤ «ኦርጂናል ነው አቦ!» ጥያቄውም መልሱም የሚጨምሩት ነገር የለም፤ ግን ሁለቱ ካልተባባሉ ግብይቱ የተጀመረ አይመስልም። ቀጥሎ ገዢው ዕቃውን በእጁ ይመዝናል፤ ከበድ ካለለት ፊቱ ይፈታል። ቃታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይስባል፣ ኒኬሉን በአውራ ጣቱ ያሻሻል፣ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የአገር ስም ያነባል። «ጃፓን» ካለ ዋጋው አንድ ነው፣ «ቻይና» ካለ ሌላ ነው። የሚገርመው ግን በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ቀለሙ በሩ ላይ አምሮ መተኛት አለመተኛቱን የሚወስነው ነገር አንድ ጊዜም አለመነሣቱ ነው። «ኮምፕሬሰርህ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል?» የሚል ሻጭ ቢገኝ፣ ገዢው የገቢዎች ሰው መስሎት ዕቃውን አስቀምጦ ሳይወጣ አይቀርም።

ድሬ ለዕቃም ለሙያም እንግዳ አይደለችም። የጅቡቲው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማ ካደረጋት ጀምሮ ብረት የሚቆርጥ፣ የሚበይድና የሚቀባ እጅ አላጣችም፤ የምድር ባቡሩ ጋራዥ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬም ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ መንገድ ዳር የባጃጅ ገላ ይቀባል፣ የላሜራ በር ይቀባል፣ የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥን ይቀባል። ሐረር ወጣ ካሉ ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. መመረቱ ያበቃው ፔጆ 404 ታክሲ ሆኖ ይዞራል፤ ዕድሜ የጨመሩለት መካኒኩ፣ ባቲላሜራውና ቀለም ቀቢው ናቸው። መልካ ጀብዱ በኩል ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው እዚያ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ፋብሪካ የሚተክል መሐንዲስ በአየር የሚሠራ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት አየሩን ይሰፍራል። ስንት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይከፈታል? እያንዳንዱ በደቂቃ ስንት ሊትር ይፈልጋል? ኮምፕሬሰሩ ይችለዋል? አየሩስ በምን ይደርቃል? መሣሪያው የሚመረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መንገድ ዳር ያለው ወርክሾፕ ግን ነገሩን ከጭራው ይጀምረዋል፤ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን መርጫ ይገዛል፣ አየሩን በኋላ ያስባል፣ ሥራው ሲበላሽ ደግሞ መርጫውን ይሰድባል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው። ክርክሬም ከዚህ አያልፍም፤ በትንሽ ገንዘብ ቀለም ሊረጭ ያሰበ ሰው ከመርጫው በፊት ለአየሩና ለሳንባው ያውጣ።

ሒሳቡ ካልኩሌተር አይፈልግም። በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 50 ሊትርና ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ጎኑ ላይ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 200 ሊትር ገደማ ይጻፍበታል። ይህ ፒስተኑ የሚስበው እንጂ በጎማው ጫፍ የሚወጣው አይደለም፤ ግፊቱ ሲጨምር እጃችን የሚገባው ከሁለት ሦስተኛው እምብዛም አያልፍም። 130 ሊትር እንበለው። «ኤችቪኤልፒ» የሚባለው፣ ዝቅ ባለ ግፊት ብዙ አየር እየጠጣ የሚሠራው መርጫ ግን በደቂቃ ከ280 እስከ 400 ሊትር ይፈልጋል። 350 ብለን ብናሰላ በየደቂቃው 220 ሊትር ዕዳ ገባን ማለት ነው። ዕዳውን የሚከፍለው በርሜሉ ነው፤ እሱም ከ8 ባር ወደ 3 ባር እስኪወርድ የሚሰጠው 250 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ! የባጃጁ አንድ ጎን ሳያልቅ ነፋሱ ይደክማል፣ ጭጋግ የነበረው ቀለም ነጠብጣብ ይሆናል፣ ቀቢው ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱ ሲጠብቅ የተቀባው ጠርዝ ይደርቅና መጋጠሚያው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በትንሽ አየር የሚሠራው «ኤልቪኤልፒ» የተባለው ዓይነት ግን በደቂቃ ከ110 እስከ 170 ሊትር ይበቃዋል። 140 ብንል ዕዳው 10 ሊትር ብቻ ነው፤ በርሜሉ ይህን 25 ደቂቃ ሲከፍል ይቆያል። ኮምፕሬሰሩም ያው፣ ቀቢውም ያው፣ ቀለሙም ያው ነው።

እግረ መንገዴን ድሬዎች በአዲስ አበባ ላይ የሚኮሩበት አንድ ነገር ልጨምርላቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላለች፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኮምፕሬሰር ድሬ ላይ፣ ሙቀቱ የራሱን ቢቀንስበት እንኳ፣ ከአዲስ አበባው 10 በመቶ ያህል የበለጠ አየር ያፍሳል። አዲስ አበባ ላይ በቃ የተባለ ድሬ ላይ ይተርፋል። መኪና ለመግፋት ባይሆንም ለመኩራት ይበቃል።

«ውዱ መርጫ ቀለም ይቆጥባል፤ ዋጋውን ራሱ ይመልሳል» የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የአየር ጥራት ተቆጣጣሪዎች ለኤችቪኤልፒ ያስቀመጡት መለኪያ ከሚረጨው ቀለም ቢያንስ 65 በመቶው ዕቃው ላይ እንዲያርፍ የሚል ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው የድሮው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶውን ብቻ ነው የሚያሳርፈው፤ የቀረው ጎረቤት ባሰጣው ልብስ፣ በቀቢው ፀጉርና በደረቱ ውስጥ ይከፋፈላል። ነገር ግን ያ 65 በመቶ የሚገኘው መርጫው የጠየቀውን አየር ሲያገኝ ነው። አየር የራበው ኤችቪኤልፒ ቀለሙን ማድቀቅ ይሳነዋል። ቀቢው እንዲደቅለት ቲነር ይጨምራል፤ ቲነር ሲበዛ ቀለሙ ይፈሳል፤ የፈሰሰው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና ይቀባል። ሁለት ጊዜ የተቀባ በር ቀለም ቆጠበ የሚል ሰው ካለ ሒሳብ ያስተማረው «ኦርጂናል ነው አቦ!» ያለው ሻጭ መሆን አለበት። ትልቅ ኮምፕሬሰር የተከለ ጋራዥ ውዱን ይግዛ፤ ያዋጣዋል። ባለ 2 ፈረሷን ይዞ ውዱን መግዛት ግን ለራስ ሱሪ በአንገት ነው።

ከሌላኛው ጫፍ ደግሞ «ርካሽ መርጫ መርጫ አይደለም» የሚሉ ይነሣሉ። እነዚህም ግማሽ እውነት አላቸው። የጃፓኑ አኔስት ኢዋታ «ደብልዩ-71» የተባለው ሞዴል ከመወደዱ የተነሣ መልኩን ገልብጦ የሚያወጣው ፋብሪካ ብዙ ነው፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው አየር በሚወጣባቸው የጫፍ ቀዳዳዎች፣ በመርፌውና አየሩን አፍነው በሚይዙት ትንንሽ ጎማዎች ላይ ነው። ይህን ግን እዚያው ሱቅ ቆሞ መፈተሽ ይቻላል፤ ሻጩ ካኮረፈ ሌላ ሱቅ አለ፣ የድሬው ታይዋን ገበያ ሰፊ ነው። የጫፉን ቆብ ፈትቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት፤ ቀዳዳዎቹ ክብ ናቸው ወይስ የአንዱ ጠርዝ ተቦጭቋል? መርፌው ከኖዝሉ መሐል ይወጣል ወይስ ወደ ጎን ያዘነብላል? ከዚያ ውኃ ጨምሮ ካርቶን ላይ አንዴ መርጨት ነው። ደህና መርጫ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል የሆኑ ረዘም ያለ ሞላላ ይጥላል። ሞላላው ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ ቆቡን ግማሽ ዙር አዙሮ መድገም፤ ጉብጠቱ አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የቆቡ ነው፣ ባለበት ከቀረ የኖዝሉ ወይም የመርፌው ነው። ይህን ፈተና ያለፈ ርካሽ መርጫ ላሜራ በርም ባጃጅም ሳያሳፍር ይቀባል። የኖዝሉም ቁጥር ቢሆን በስያሜ ሳይሆን በሥራ ነው የሚመረጠው፤ ለላይኛው ቀለምና ለቫርኒሽ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ለወፍራሙ ፕራይመር 1.7 ወይም ከዚያ በላይ። ሰፊ ቀዳዳ ሥራ ያፈጥናል ብሎ ለሁሉም 2.0 የገዛ ሰው ቀለሙ ሲፈስ ፍጥነቱን ያየዋል።

ደግሞስ ርካሹን መርጫ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ሽቦ ነው። ቀለም የደረቀበትን ቀዳዳ በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ከሱቅ ደህና ሆኖ የወጣውን ክብ ቀዳዳ በእጁ ያበላሸዋል። መርጫውን ሙሉውን ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርም ጎማዎቹን ያሳብጣል። ሥራው እንዳለቀ ጥቂት ቲነር አሳልፎ፣ ቆቡን በለስላሳ ብሩሽና በተሾለ የክብሪት እንጨት ማጽዳት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያቺ አምስት ደቂቃ ግን የምትመጣው ልክ የጫት በርጫ ሰዓት ሲደርስ ሆነና መከራዋን ታያለች።

አየሩ በቃ እንበል፤ ንጹሕ ነው ወይ? «ድሬ ደረቅ አገር ናት፣ ውኃው ከየት ይመጣል?» ይባላል። ከዚያው ከአየሩ ነው የሚመጣው። 30 ዲግሪ ሙቀትና 40 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር በእንፋሎት መልክ 12 ግራም ያህል ውኃ ይዟል። ኮምፕሬሰሩ እንዲህ ያለውን ዘጠኝ ሜትር ኩብ ጠቅጥቆ አንድ ሜትር ኩብ ሲያደርገው ውኃው 108 ግራም ይሆናል፤ ያ አየር ቀዝቅዞ ወደ 30 ዲግሪ ሲመለስ ሊሸከም የሚችለው ግን 30 ግራም ገደማ ነው። የቀረው ከ70 ግራም በላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ አንድ የቡና ሲኒ ማለት ነው። በደቂቃ 130 ሊትር የሚያፍሰው ኮምፕሬሰራችን ሲኒዋን ለመሙላት አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከፊሉ በርሜሉ ሥር ይተኛል፤ ከፊሉ በጎማው አድርጎ ከቀለሙ ጋር በሩ ላይ ያርፍና ቀለሙ ክብ ክብ እየሠራ ከላሜራው ይሸሻል። ያን ጊዜ ቀቢው «ቀለሙ የተበረዘ ነው» ይላል፣ ቀለም ሻጩ «መርጫው ነው» ይላል፣ መርጫ ሻጩ «ቀቢው ነው» ይላል። በርሜሉ ሥር ያለችው የውኃ ማውጫ ብሎን ግን ከተገዛች ጀምሮ የፈታት የለም። ውኃ የሚያስቀር ትንሽ ማጣሪያ ከመርጫው ጋር ሲነጻጸር ብዙ አያስወጣም፤ ቦታው ግን ኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ ሳይሆን ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ አየሩ በጎማው ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ገና ትኩስ አየር ላይ የተተከለ ማጣሪያ እንፋሎቱን «እለፍ» ብሎ ያሳልፈዋል።

ሙቀቱም የራሱ ክስ አለው። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ላሜራ እጅ አያስነካም። ቀለሙ ከመርጫው ወጥቶ እሱ ላይ እስኪደርስ ቲነሩ ገና መንገድ ላይ ይበናል፤ ስለዚህ ተንጣሎ መተኛት ሲገባው ዱቄት ሆኖ ያርፋል፣ ወይም የብርቱካን ልጣጭ መልክ ያወጣል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መግዛት፣ መርጫውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ አቅርቦ መያዝ፣ እያንዳንዱን መስመር ባለፈው ላይ በግማሽ መደረብ ይረዳል፤ የሚበልጠው ግን ሰዓት መምረጥ ነው። በዚህ ነገር የድሬ ልማድና የቀለሙ ጠባይ ሳይመካከሩ ተስማምተዋል፤ ከተማዋ ጥላ ፈልጋ በርጫዋን የምትዘረጋበት ሰዓት ቀለም የማይረጭበት ሰዓት ነው። የሚያፈርሰው ደንበኛው ነው። «ነገ ሠርግ አለብኝ» ብሎ ባጃጁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እየነዳ ይመጣል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ! ነፋስ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ካነቃነቀ ደግሞ አለቀ፤ እርጥብ ቀለም ላይ ያረፈ አቧራ በየትኛውም አገር መርጫ አይነሣም። ከመርጨት በፊት መሬቱን ውኃ ማርከፍከፍ ዋጋው አንድ ጀሪካን ነው።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ብሩሽ አለ አይደል?» ለሚሉ ሰዎች በግማሹ እሺ ማለት ይገባል። የመስኮት ፍርግርግ በመርጫ የሚቀባ ሰው አብላጫውን የሚቀባው በብረቶቹ መካከል ያለውን አየር ነው፤ እዚያ ብሩሽ ያሸንፋል። ግድግዳም ለሮለር ይተው። ሰፊ ላሜራ፣ የባጃጅ ገላና የቁም ሣጥን በር ላይ ግን የብሩሽ ጭረት ዕቃው እስኪጣል አብሮ ይኖራል።

የሳንባው ነገር ለመጨረሻ የቀረው ስለሚያንስ ሳይሆን የሁሉንም ቀልድ ስለሚያስቆም ነው። የመርጫው ታሪክ ራሱ ምፀት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦሃዮ ግዛት፣ ቶሊዶ ከተማ የነበረው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ መድኃኒትን በጭጋግ መልክ የታመመ ጉሮሮ ላይ የሚረጭ መሣሪያ ሠራ፤ ልጁ ቶማስ በ1907 እ.ኤ.አ. ገደማ ያንኑ ሐሳብ ወስዶ የቀለም መርጫ አደረገው። ጉሮሮ ሊያድን የተፈጠረ ነገር ዞሮ ጉሮሮ ላይ መጣ። በተለይ ሀርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለም አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ኬሚካል አስም ያስይዛል፣ መጠኑ ጎጂ ሆኖ እንኳ በማሽተት አይታወቅም። የብሪታንያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመኪና ቀለም ረጪዎች በአስም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሠራተኛ 80 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አስታውቋል። የእኛ መከላከያ ወተት ነው። «ማታ አንድ ሊትር ወተት ከጠጣህ ይጠርገዋል» የማይል ወርክሾፕ ማግኘት ያስቸግራል። ወተት ይጠቅማል፤ ማንም ወተት አትጠጡ አላለም። ነገር ግን ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ቀለሙ የገባው ሳንባ ነው፤ ሁለቱ መንገድ ላይም አይገናኙም። አፍ ላይ የታሰረ ሻሽም ሆነ የሐኪም ቤት ጭምብል አቧራውን ቢቀንስ እንጂ እንፋሎቱን አይዝም። ለተራ ቀለም ካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል፤ ሀርድነር ላለበት ቀለም ደግሞ ንጹሕ አየር ከሌላ ቦታ በቱቦ የሚያመጣ ጭምብል። ይህን መግዛት ያልቻለ ወርክሾፕ ሀርድነር ያለበትን ሥራ ለሚችል ጋራዥ ቢለቅ ገቢው እንጂ ዕድሜው አይቀንስም። ቲነር በሚተንበት ክፍል ጥግ የቡና ከሰል የሚያራግቡትን በተመለከተ ግን የሚመክራቸው ሳይሆን የሚያስወጣቸው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

«ድሃ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?» የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። መልሱ ግን ከራሱ ከገዢው ኪስ ውስጥ ይገኛል። «ጃፓን» ለሚል ጽሑፍ ሊከፍል የነበረውን ልዩነት ይያዝና በፈተና ያለፈውን ርካሽ መርጫ ይግዛ፤ የቀረውን ለውኃ ማጣሪያውና ለጭምብሉ ያድርገው። ካልበቃ የሚቀነሰው ኒኬሉ ነው እንጂ ጭምብሉ አይደለም። ሻጮችም ከመደርደሪያው አጠገብ አንድ ጠርሙስ ውኃና አንድ ካርቶን ቢያስቀምጡ ከስንት መሐላ ይገላገላሉ። ኮምፕሬሰር ያላችሁ ደግሞ ሌላ ገንዘብ እስኪገኝ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ስትዘጉ ግፊቱን አውርዱና በርሜሉ ሥር ያለችውን ብሎን ፍቷት። ሲኒ ያዙላት።